ግልጽ ደብዳቤ፦ ጠመንጃችሁን ከምድጃው አርቁት

በአላስካ፣ በሰሜን ካናዳ፣ በኖርዌይና በስዊድን በወታደርነት ለምታገለግሉ አማርኛ ተናጋሪ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንዲሁም እነርሱን ለምታሠለጥኑ አለቆች

ጉዳዩ፦ በከባድ ብርድ ጊዜ ስለሚደረግ የጠመንጃ አያያዝና ስለ ሥልጠናው

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ በእግረኛ ወታደርነት ያገለገልኩና ከአገልግሎት ዘመኔ ሦስት የበረዶ ወራትን በአላስካ መሃል፣ ከፌርባንክስ ከተማ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ወደ ጦሩ የገባሁት አማርኛን ጨምሮ የተወሰኑ ቋንቋዎችን የሚናገሩ የውጭ አገር ተወላጆችን ይቀበል በነበረውና ማቭኒ እየተባለ በሚጠራው መርሐ ግብር ሲሆን፣ ይህ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀምሮ በ2016 አዲስ ምልመላ አቁሟል። ያ በር ቢዘጋም የልጆቻችን ወደ ጦር መግባት አልቆመም። በአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ይዘው የሚመዘገቡ ወጣቶች አሉ፤ በኖርዌይ ወንዱም ሴቷም ለብሔራዊ አገልግሎት ይጠራሉ፤ ስዊድንም አቋርጣው የነበረውን የግዴታ አገልግሎት እንደገና ለመጀመር እ.ኤ.አ. በ2017 ከወሰነች ወዲህ ጥሪው እዚያ የተወለዱትን የአበሻ ልጆች ጭምር የሚመለከት ሆኗል። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ከዜሮ በታች 30 እና 40 ዲግሪ በሚወርድ ብርድ ውስጥ ጠመንጃ ይዘው እንዲቆሙ ይታዘዛሉ። በአማርኛ ተጽፎ ያላገኘሁትን ነገር፣ እኔ ተቸግሬ የተማርኩትን፣ ለእነርሱ ላቆይላቸው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ነገሩን በአጭሩ ላስቀድም። በከባድ ብርድ ውስጥ ሲከሽፍ ያየሁት ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ የከሸፈው ብርድ ላይ ስለዋለ ወይም ስላደረ አልነበረም። የከሸፈው ወደ ሙቀት ገብቶ ስለወጣና ከሚያስፈልገው በላይ ዘይት ስለጠጣ ነው። ይህንን ጥፋት የሚፈጽሙትም ግዴለሾች አይደሉም፤ ለመሣሪያቸው የሚሳሱ፣ ከሌላው ይበልጥ የሚጠነቀቁ ወታደሮች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ እኔ ነበርኩ።

እኔ ያደግኩት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ የባቄላውን ማሳ አጥቁሮት በሚያድርበት አገር ነው። አጎቴ ምንሽር ነበረው። በቤታችን ውስጥ ከዚያ ጠመንጃ የበለጠ የሚከበር ዕቃ አልነበረም። ቦታው ከአጎቴ ራስጌ ሲሆን፣ የሚሰቀለውም የምድጃው ሙቀት በሚደርስበት በኩል ነበር፤ ብረት እርጥበት ይፈራልና። በየሳምንቱ ወርዶ በጨርቅ ይታሻል፣ ይወለወላል፣ ዘይት ይቀባል። ብረቱ ሳያብረቀርቅ የተገኘ እንደሆነ አጎቴ «ጠምቶታል» ይል ነበር። ይህ አያያዝ ለዚያ አገርና ለዚያ ጠመንጃ ትክክል ነው፤ ምንሽሩም ሳይዝግ ዘመኑን ኖሯል። ይሁን እንጂ ከአጎቴ የወረስኩት ይህ ልማድ፣ ማለትም ጠመንጃን ቤት ማስገባት፣ እሳት ዳር ማኖርና ዘይት ማጠጣት፣ በአላስካ አንድ በአንድ ተገልብጦ ጥፋት ሆነብኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መመሪያ ማንበብ የሚችሉትን ልጆቻችንን በአማርኛ ለማናገር የተነሳሁትም ስለዚህ ነው፤ እኛ ወደዚያ አገር የምንሄደው ባዶ እጃችንን አይደለም፣ ይዘነው የምንሄደው እውቀት አለ፣ የሚያሳስተንም እርሱ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጥር ወር ላይ፣ የሙቀት መለኪያው ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባሳየበት ሌሊት፣ የእኛ ጓድ በእውነተኛ ጥይት ለሚደረግ ልምምድ ተራ ይጠብቅ ነበር። ከመውጣታችን በፊት አርባ ደቂቃ ያህል ድንኳን ውስጥ እንድንሞቅ ተፈቀደልን። ድንኳኑ አሥር ሰው የሚይዝ፣ እኛው ራሳችን አኪዮ በሚባለው ተጎታች የበረዶ ጀልባ ጎትተን ያመጣነው ሲሆን፣ መካከሉ ላይ ምድጃ ይነድ ነበር። ጠመንጃ ደጅ የሚሰቀልበት ማስደገፊያ አልተዘጋጀም፤ ይዛችሁ አትግቡ ያለን ሰውም አልነበረም። እኔም ይዤው ገባሁና ሰደፉን ከእግሬ ሥር፣ አፈሙዙን ወደ ምድጃው አድርጌ አስደገፍኩት። ጥቂት ሳይቆይ ጥቁሩ ብረት በነጭ አመዳይ ተሸፈነ። ቀጥሎ አመዳዩ ቀለጠ፤ ጠመንጃውም ከጫፍ እስከ ጫፍ አላበው። ጠብታዎቹ በመቀባበያው ክፍተትና በምላጩ ዙሪያ ወደ ውስጥ ሲሰርጉ እያየሁ በእጅጌዬ ጠራረግኩት፤ ከዚያም አጎቴ ያስተማረኝን አደረግኩ፤ ዘይት ጨመርኩበት።

ከወጣን ከሩብ ሰዓት በኋላ ተራችን ደረሰ። ልምምዱ አንዱ ሲተኩስ ሌላው በተኩሱ ተሸፍኖ ወደፊት የሚሮጥበት ነው። ጓደኛዬ ከአንዱ የበረዶ ክምር ወደ ሌላው እንዲሮጥ መሸፈን የእኔ ሥራ ነበር። ምላጩን ሳብኩ። የሰማሁት አንድ ደካማ የብረት ድምፅ ብቻ ነው። አቀባበልኩ፤ መቀባበያው እንደ ወትሮው በኃይል አልተመለሰም፤ ማር ውስጥ እንደገባ ነገር እየተንፏቀቀ ሄዶ ሳይዘጋ ቆመ። በወፍራሙ ጓንት ብገፋው አልሆነልኝም፤ ጓንቱን አውልቄ ከውስጥ በለበስኩት ስስ ጓንት ልሞክር ስል ጠቋሚ ጣቴ ላይ ተቀዶ ኖሮ ቆዳዬ ከብረቱ ጋር ተጣበቀ። እጄን ስመነጭቅ የሳንቲም ስፋት ያህል ቆዳ ብረቱ ላይ ቀረ። ጓደኛዬ ግን ተኩስ ይጀመራል ብሎ አስቀድሞ ተነስቶ ነበር፤ በዚያ ሜዳ ላይ ሽፋን ሳይኖረው፣ በደረቱ ልክ በተከመረ በረዶ ውስጥ እየተደነቃቀፈ ሲሮጥ አየሁት። ከፊት ለፊቱ የቆመው የእንጨት ኢላማ ስለነበር ምንም አልደረሰበትም። በኋላ ያልፈነዳችውን ጥይት በባትሪ ብርሃን አየናት፤ በግርጌዋ ላይ ጥይቷን የሚመታው የጠመንጃው መርፌ የተወው ምልክት በምስማር ጫፍ ነካ የተደረገች ያህል ብቻ ነበር።

በማግሥቱ በተሞላው ቅጽ ላይ የክሽፈቱ ምክንያት «የጽዳት ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ። ሰፈር እንደተመለስን፣ ሞቅ ባለው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ለሰዓታት ተቀምጬ ጠመንጃውን እንድፈታና እንድወለውል ታዘዝኩ፤ ነጭ ጨርቅ በየቀዳዳው እየገባ ተመረመረ፤ ጥቀርሻ ሲጠፋ፣ ብረቱም በዘይት ሲያብረቀርቅ ተመሰገንኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ያው ያብረቀረቀ ጠመንጃ እንደገና ከሸፈ። በዚህኛው ጊዜ ድንኳን አላስገባሁትም ነበር። ያገደው የታዘዝኩትን ያህል የቀባሁት ዘይት ነው። ቅጹ ላይ ግን አሁንም «የጽዳት ጉድለት» ተባለ። የክፍሉን ስም እዚህ አላነሳም፤ አለቆቼ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ያወቁትን ነበር ያስፈጸሙት። ቢሆንም አንድ ወታደር ትእዛዝ በመፈጸሙ ሁለት ጊዜ እንደ ሰነፍ መቆጠሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ከእኔ በኋላ የመጡት ልጆችም በዚያው ቅጽ እንደተዳኙ ስለማውቅ ይበልጥ ይከነክነኛል።

ከዚህ አዙሪት ያወጣኝ በሰሜን ሚኒሶታ ያደገ አንድ ሳጅን ነበር። ብዙ አልተናገረም። ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች አምጥቶ፣ አንዱን በምንጠቀምበት በተለመደው የጠመንጃ ዘይት፣ ሌላውን ለቀዝቃዛ ምድር በተዘጋጀው ቀጭን ዘይት ሞልቶ፣ ሌሊቱን በረዶ ላይ አሳደራቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱንም ፊቴ ዘቀዘቃቸው። ቀጭኑ ወዲያው ወረደ። የእኛው ግን ጠርሙሱ አንገት ላይ ተሰብስቦ ቆይቶ፣ እንደ ቀዘቀዘ ቅቤ እየተሳበ አንዲት ጠብታ ለመጣል ብዙ ጊዜ ፈጀበት። «መርፌው በዚህ ውስጥ ነው የሚሮጠው» አለኝ። ከዚህ በላይ የገባኝ ትምህርት በሕይወቴ ጥቂት ነው።

አሁን ምክንያቱን በሚገባ ላስረዳ፤ ምክንያቱን የተረዳ ወታደር መመሪያው ባይነገረውም ራሱ ያገኘዋልና።

በከባድ ብርድ ውስጥ ያለ አየር እጅግ ደረቅ ነው። ስለዚህ ደጅ የዋለ ጠመንጃ፣ በረዶ ካልገባበት በቀር፣ ደረቅ ሆኖ ይውላል። የድንኳኑ አየር ግን የአሥር ሰው ትንፋሽ፣ የምድጃው ላይ ሻይ፣ የተሰጣ ካልሲ እንፋሎት ያለበት ነው። ቀዝቃዛ ብረት እዚያ ሲገባ ያ እንፋሎት ሁሉ በላዩና በውስጡ ጤዛ ሆኖ ይሰፍራል። ዓይናችን የሚያየው የላዩን ነው፤ አደገኛው በመርፌው ሰርጥ፣ በሞላዎቹ መካከልና በካዝናው ውስጥ ያለው ነው። እንደገና ስንወጣ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ይጋገራል፤ ውሃ ሲጋገር ደግሞ መጠኑ ወደ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ለፀጉር ያህል ክፍተት በተሠራ ብረት መካከል እንደ ሽብልቅ ይሰነቀራል።

ዘይቱ በበኩሉ ሲወፍር የእያንዳንዱን ተንቀሳቃሽ ብረት ፍጥነት ይቀንሳል። እኛ በታጠቅነው በኤም 4 ጠመንጃ ይህ በተለይ ይጎዳል። ይህ ጠመንጃ ራሱን የሚያቀባብለው ከተተኮሰው ጥይት የሚመለሰውን ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ወስዶ ነው። በብርድ ጊዜ ባሩዱ ቀስ ብሎ ስለሚቃጠልና ግፊቱም ስለሚቀንስ፣ ጋዙ ይዞት የሚመጣው ጉልበት እንደ ወትሮው አይደለም። ጉልበቱ በቀነሰበት ሰዓት መንገዱን በወፍራም ዘይት ስናከብድበት፣ ብረቱ እስከ መጨረሻው ሳይመለስ ይቀርና ቀለሁን ሳይተፋ ይነክሳል። በዚያው ምክንያት ጥይቷ ከአፈሙዝ የምትወጣበት ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ በሞቃቱ ወራት የተስተካከለ ማነጣጠሪያ በጥር ብርድ ሩቁን ኢላማ ዝቅ አድርጎ ይመታል። ይህንን ሳላውቅ እጄ እየተንቀጠቀጠ የሳትኩ መስሎኝ ስንት ቀን በራሴ አዝኛለሁ።

ያም ሆኖ ጠመንጃን ጨርሶ ማድረቅም ትክክል አይደለም። ጋዙ ጥቀርሻውን ይዞ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ተንቀሳቃሹ ብረት ስስ ቅባት ይፈልጋል። ልኩ የሚገኘው የቀደመውን ዘይት ሙሉ በሙሉ ጠርጎ፣ ለቀዝቃዛ ምድር የተዘጋጀውን ቀጭን ዘይት በጨርቅ ነካ አድርጎ፣ ዓይን በማያየው ጣት ግን በሚያውቀው መጠን በመቀባት ነው። ካዝናውና ጥይቶቹ ምንም ዘይት ሊነካቸው አይገባም። ጥይቱም ከጠመንጃው ጋር በአንድ ብርድ ይደር፤ ኪስ ውስጥ የሞቀች ጥይት በቀዘቀዘ ካዝና ውስጥ ስትገባ ጤዛዋን ይዛ ነው የምትገባው።

የአገሬ ሰው ይህንን ሲያነብ «ክላሽ ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ እኔንም ብዙ ጊዜ ጠይቀውኛል። ክላሽ ብረቶቹ ሰፋ ባለ ክፍተት የተሠሩ ስለሆኑ ለጥቀርሻም ለአሸዋም ትዕግሥቱ የበለጠ ነው። ውሃ ገብቶበት ከተጋገረ ግን እርሱም ብረት ነው፤ መጠበቂያው ከቦታው አልነቃነቅ ብሎ ይቀራል። የካናዳ ሬንጀርስ የሚባሉት የሰሜኑ ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. በ1947 ከተቋቋሙ ጀምሮ ለ70 ዓመታት ያህል የተጠቀሙት በእጅ የሚቀባበለውን አሮጌውን ሊ ኤንፊልድ ሲሆን፣ ከ2018 ጀምሮ የተተካላቸውም ሲ 19 የተባለው ጠመንጃ ያው በእጅ የሚቀባበል ነው። የእጅ ጉልበት እንደ ጋዝ በብርድ አይቀንስምና፤ ነክሶ የቆመውን ብረት ሰው በክንዱ ይገፋዋል። የአጎቴን ምንሽር እዚያ ሆኜ ያስታወስኩት በዚህ ምክንያት ነበር። ሆኖም ወታደር የሚታጠቀውን መሣሪያ አይመርጥም፤ የተሰጠውን ማወቅ ነው ያለበት።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ ከእኛም ታሪክ የራቀ አይደለም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1941 ሞስኮ ደጃፍ ላይ መሣሪያዎቻቸው ዘይታቸው ረግቶ እምቢ ባሏቸው ጊዜ፣ ፊንላንዳውያን ከዚያ አስቀድሞ በ1939 እና በ1940 ባደረጉት የክረምት ጦርነት ጠመንጃን ደጅ ማሳደርና ዘይትን ማሳነስ ያውቁበት ነበር። ይበልጥ የሚቀርበን ግን የኮሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ 1950፣ በቾሲን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማና ከዚያም በታች በሚወርድበት ብርድ፣ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ወታደሮች ከቻይና ጦር ጋር ተዋግተው እጅግ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። በዚያ ዘመቻ ኤም 1 ጋራንድ የተባለው ጠመንጃ በመጠኑ ሲያስተማምን፣ ካርባይን የተባለው አጭርና ክብደቱ ቀላል ጠመንጃ ግን በብርዱ እየተጎተተ ብዙዎችን አሳፍሯል። ዘይት የረጋባቸው ወታደሮች የፀጉር ቅባት እስከ መጠቀም ደርሰዋል። እዚያ ከተሰለፉት መካከል የ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ ይገኝበታል። ከአምስት ወራት ያህል በኋላ የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲደርስ የተመደበው በዚያው ክፍለ ጦር፣ ከዚያው ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነው። የተከተለውንም የበረዶ ወራት በማዕከላዊ ኮሪያ ተራሮች ላይ ምሽግ ውስጥ አሳለፉት።

ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ስማር ተከራይተን በነበረበት ግቢ ውስጥ አንድ የቃኘው አዛውንት ይኖሩ ነበር፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ብርድ በበረታበት ማታ ስለ ኮሪያ ሲያጫውቱን፣ ሌሊት ምሽግ ውስጥ በነቁ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርጉት የጠመንጃቸውን መቀባበያ በጥቂቱ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ መመለስ እንደነበር ይነግሩን ነበር። በእጃቸው እያሳዩን «ጠመንጃም እንቅልፍ ይወስደዋል» ይሉ ነበር። እኛ ልጆች ነበርንና የሽማግሌ ወግ አድርገን ሰማነው። ያ ሳጅን በአላስካ ጥበቃ ላይ በየሰዓቱ መቀባበያውን እንድነካካ፣ አመዳይ ሳይጸናበት እንዲንቀሳቀስ ሲያዝዘኝ፣ የጋሼ እጅ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው። ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፤ ልነግራቸው አልቻልኩም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተን የምለምናችሁ ይህንን ነው። ጠመንጃችሁን ደጅ አሳድሩት፤ በብርድ ማሳደር ለመሣሪያው ንቀት እንዳይመስላችሁ። በረዶ እንዳይገባበት አፈሙዙን በክዳን ወይም በፕላስተር ሸፍኑት፤ በረዶ ተወትፎበት የተተኮሰ አፈሙዝ አብጦ ሊፈነዳ ይችላልና። ለጽዳት ማስገባት ግድ ሲሆንባችሁ ደጅ ሳለ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ አስገቡት፤ ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቀራል፤ ብረቱ የቤቱን ሙቀት እስኪያገኝ ሳትፈቱት ጠብቁ፤ ከዚያ ፈትታችሁ እስከ መጨረሻው አድርቁት። የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር በትንፋሻችሁ አትጥረጉት፤ ትንፋሹ ወዲያው አመዳይ ይሆናል። ባትሪውን ከደረታችሁ አጠገብ ባለው ኪስ ያዙ። የምላጩ መከለያ ወደ ታች ተከፍቶ ለወፍራም ጓንት ቦታ እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት ክፈቱትና በጓንቱ ሆናችሁ ተለማመዱ። የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች በዝግታ ተኩሱ፤ የቀዘቀዘ ብረት እንደ ወትሮው አይታጠፍም፤ ሞላውና ቀለህ የሚመዘው ጥርስ በድንገት ሲጋል የሚሰበረው ያን ጊዜ ነው። ከዜሮ በታች 40 ሲቃረብ ደግሞ የምትተኩሱት ጥይት እንፋሎት በፊታችሁ ጉም ሆኖ ይቆማል፤ ዓይናችሁን ይጋርዳል፣ ያላችሁበትንም ቦታ ለሩቅ ሰው ያሳያል፤ ስለዚህ ተኩሳችሁ ቦታ መቀየርን ልማድ አድርጉት።

ከሁሉ በላይ ግን ጠመንጃችሁ ሲከሽፍ አትደብቁ። የእኛ ሰው በመሣሪያው መታማት እንደ ውርደት ይቆጥራል፤ እኔም ከሁለተኛው ክሽፈት በኋላ ሦስተኛውን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ያ ዝምታ ሌላውን ወታደር የሚያስጠነቅቀውን ወሬ ማስቀረት ነው፤ ዛሬ በእርሱ እፀጸታለሁ።

ክቡራን አለቆች፣ ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነው። በሞቀ ግምጃ ቤት ውስጥ ነጭ ጨርቅ ይዞ የሚደረግ ምርመራ ጥቀርሻን ያሳያል፤ በበረዶ ላይ የሚሆነውን አያሳይም። ወታደሩ ግን የሚመሰገንበትን ነገር ነው የሚማረው፤ ብረቱ በማብረቅረቁ ከተመሰገነ ዘይት ያበዛል። ስለዚህ በበረዶ ወራት የሚደረገው ምርመራ ደጅ ይሁን፤ ጠመንጃው ሌሊቱን በብርድ አድሮ ጠዋት ሲቀባበል እንዴት እንደሚመለስ ይታይ። አዲስ የመጣ ወታደር የመጀመሪያ ጥበቃው ላይ ከመቆሙ በፊት፣ ከዜሮ በታች 30 በወረደ ቀን፣ በወፍራም ጓንት ሆኖ ካዝና ቀይሮ፣ የነከሰ ጥይት አውጥቶ፣ ተኩሶ ይለማመድ። በነሐሴ ሙቀት በተሰጠ ሥልጠና በጥር ብርድ እንዲዋጋ አይጠበቅበት። ደጅ የተሰቀለ መሣሪያ ይጠፋል የሚለው ስጋታችሁ ይገባኛል፤ ለአንድ ጠመንጃ መጥፋት የስንት አለቃ ሥራ እንደሚበላሽ አውቃለሁ። በድንኳኑ ውስጥ ግን ምድጃውን የሚጠብቅ አንድ ሰው ሁልጊዜ ነቅቶ ያድራል፤ በደጅም አንድ ሰው ተራ ይያዝለት። ብዙ ሰው የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ማስደገፊያውም ከሁለት ባላ እንጨትና ከአንድ አግዳሚ አያልፍም።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለዚያ ቅጽ ነው። «የጽዳት ጉድለት» የሚለው መስመር ከመሞላቱ በፊት፣ «ይህ ጠመንጃ ከመተኮሱ በፊት በነበሩት ስድስት ሰዓታት የት ነበር? ምን ዓይነት ዘይትስ ተቀብቷል?» የሚል ጥያቄ ይጨመርበት፤ መልሱንም ወታደሩ ራሱ፣ ሳይፈራ፣ በገዛ እጁ ይጻፈው።

ከአክብሮት ጋር

በአላስካ ያገለገለ የቀድሞ እግረኛ ወታደር